ዳዊት የደገመ ልጅ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ እንደተቀበለኝ ለእማዬ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ካቶሊክ ሊያደርጉህ እንዳይሆን?» አለችኝ። ግእዝ ልማር ነው ስላት ደግሞ ባሰባት። «ግእዝ እዚህ አልነበረም እንዴ? ፈረንጅ ዘንድ ምን አስኬደህ?»

እውነቷን ነው። ልጅ ሆኜ ጎጃም፣ የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ በኋላ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ሠራሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ስለማይኖር ዳዊቴን አወጣና አነባለሁ። አንድ ደንበኛ ፊደሉን አይቶ «ይሄንንማ ብሩክላንድ ያስተምሩታል» አለኝ። ብሩክላንድ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ሰፈር፣ ከሥራዬ በቀይ መስመር ባቡር ጥቂት ፌርማታ ነው። ያን ባለቀለም ጉልላት በመስኮት ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ጉልላቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሳይሆን አጠገቡ ያለው የትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የባዚሊካው ነው።

የማመልከቻ ደብዳቤዬን መጀመሪያ ስጽፍ «ትምህርት እወዳለሁ» ምናምን አልኩ። ራሴ ሳነበው አሰለቸኝ። ቀደድኩትና የትምህርት ቤቱን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ ከጠበቅኩት በላይ ጉድ አለበት። የአሜሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1887 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ፈቃድ መሠረቱት፤ በ1889 ማስተማር ጀመረ። መነሻው ሜሪ ግዌንዶሊን ካልድዌል የምትባል ወጣት ወራሽ የሰጠችው 300,000 ዶላር ነው። ከዚያ 1904 መጣ። የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ያዥ የመሬት ንግዱ ከሰረና የትምህርት ቤቱን ብር ይዞ ወደቀ። እስከዚያ ለከፍተኛ ዲግሪ ብቻ የነበረው ቤት በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችንም ማስገባት ጀመረ። ካልድዌልም በዚያው ዓመት ካቶሊክነቷን ተወች! በገንዘቧ የተሠራው ሕንፃ ግን ዛሬም በስሟ ይጠራል። ጥቁር ተማሪዎችንም መጀመሪያ ተቀብሎ፣ ቆይቶ ዘግቶባቸው፣ በ1936 እንደገና ከፈተላቸው። በ1943 ዩፊሚያ ሄይንስ እዚሁ በሒሳብ ዶክተር ሆነች፤ በአሜሪካ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ።

ለእማዬ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ግን አንሪ ኢቬርና ነው። ፈረንሳዊ ቄስ ነው። ገና በሩ ሲከፈት መጥቶ የሴማዊ ቋንቋዎችን ክፍል አቋቋመ። በ1903 ደግሞ የሶርያን፣ የግብፅን፣ የእኛንም የጥንት መጻሕፍት የሚያትም ትልቅ ሥራ ከጀመሩት አንዱ ነበር። ስለዚህ በአዲሱ ደብዳቤ ስለ እሱና አያቴ አንገቷ ላይ ስለምታስረው ክታብ ጻፍኩ።

ክፍል ስገባ ኮራ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ዶክተሩ ከክታብ አንድ መስመር ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ «ዕቀባ ለአመትከ»። እኔ በዳዊት ዜማ ለቀቅኩት። «ጎበዝ! ‹ባ› ከየት መጣች?» አለኝ። ዝም። አጠገቤ ያለው ፈረንጅ «ትእዛዝ ነው፣ ‹ጠብቃት›፤ ‹ባ› ‹እሷን› ናት» አለ። ይኸው ልጅ «ዐ»ን እንደ ዐረብ ከጉሮሮው ስቦ ሲያወጣት ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ግን መዝገበ ቃላት ላይ አሸነፈኝ። «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ። ለእኔ ጆሮ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ቃሉን በተሳሳተው ፊደል ስፈልግ አመሻለሁ።

ሌላው ጥፋቴ ማፈሬ ነው። ዶክተሩ ተማሪ ቢሮው ገብቶ የሚጠይቅበት ሰዓት አለው። እኔ፣ የኔታን በጥያቄ ማስቸገር ነውር ብሎ ያደገ ሰው፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አልሄድኩም። ስሄድ ሻይ አቅርቦ ስለ ንባብ ቤት እሱ ጠየቀኝ። ደግሞም ከሌሊት ሥራ ጋር ሁለት ኮርስ ይዤ አንዱን የጣልኩት ገንዘብ የሚመለስበት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ብሬ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ በሴሚስተር አንድ ብቻ።

ቤተ መጻሕፍቱ ከቺካጎ ሰብሳቢዎች በስጦታ ያገኛቸው ከ600 በላይ የኢትዮጵያ ጽሑፎች አሉት፤ 350 ገደማው ክታብ ነው። አንዱን ሲዘረጉልኝ ብራናው በጠፍር የተሰፋ ነው። የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ አለበት፣ ሕፃን እንዳይሞት የሚጻፈው። ክታቡ የተጻፈላት ሴት ስም በቀይ ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ በላዩ ሌላ ስም ገብቷል።

ማታ ለእማዬ ደውዬ የአያቴ ክታብ የት እንደደረሰ ጠየቅኳት።

«አንድ ነጋዴ ሰፈር ሰፈር እየዞረ ሲገዛ ሸጥነው» አለች። «ለማዳበሪያ ዕዳ ሆነች።»

የአያቴ ክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው። ከክታቦቹ እስካሁን አርባውን አይቻለሁ።