ካርቶኑ የእኔ ነበር

አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለስ ለወንድሜ እየተጣበቀ የሚሠራ የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዞለት መጣ። አውሮፕላኑ ሳምንት ሳይሞላው ክንፉ ተሰበረ። ካርቶኑ ግን የእኔ ሆነ። ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤታችን ዛሬም አለ፤ እናቴ ስንት ዓመት አዝራርና ክር ስታስቀምጥበት ኖራለች።

ክዳኑ ላይ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከደመና በላይ ወደ ተመልካቹ ዘንበል ብሏል። ሆዱ ላይ ፀሐይ አርፋበታለች፤ የብረቱ መገጣጠሚያ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሥዕል የተማርኩት ከዚያ ነው። በድሬ ቀትር ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ እኔ ሲሚንቶው ላይ በሆዴ ተኝቼ ያንን ክንፍ እገለብጥ ነበር። ከክንፉ በስተቀኝ ሰፊ ባዶ ሰማይ አለ። ባዶነቱ ደስ ስለማይለኝ ሁልጊዜ አሞራ እጨምርበት ነበር።

አሁን ሳቢያን ውስጥ የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። ለጁስ ቤት አንድ ማንጎ ብስል እንኳ ስሜንና ስልኬን ጥግ ላይ ሳልጽፍ ብሩሼን አላጥብም። አባቴ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናስተካክል ካርቶኑን አነሳሁና የሠዓሊውን ስም ፈለግሁ። የፋብሪካው ስም፣ ኤርፊክስ፣ በትልቁ አለ። ሥዕል ያስተማረኝ ሰው ስም ግን የለም። አንገበገበኝ።

ስጀምር ተሳሳትኩ። በአሣሣሉ የሚመሳሰል ሌላ ሥዕል አይቼ፣ የዚያኛውን ሠዓሊ ስም ካርቶኑ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ስሙ ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ቀለሙ ግን አይለቅም፣ ዛሬም እዚያው አለ። ለአንድ ፋብሪካ የሚስሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስለሚቀበሉ ሥዕላቸው መመሳሰሉ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው። ከተቀደደው ጠርዝ ላይ አሮጌውን ስኮች ሳላቅቅም የደመናውን ቁራጭ ይዞት መጣ። የተለጠፈ ነገር ካለ ይቆይ፤ አይነካ።

ቀጥሎ መጋላ ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ ለመንኳቸው።

«ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ስም» አልኳቸው።

ስቀው አበደሩኝ። በማጉያው ሲታይ ሥዕሉ በሙሉ የማተሚያ ነጠብጣብ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። አራቱንም ጥግ፣ ደመናውን፣ የፋብሪካውን ምልክት ጠርዝ ቃኘሁ፤ ፊርማ የለም። አንድ ነገር ግን አየሁ። አሞራዬን የምስልበት ያ ባዶ ሰማይ ከሌላው ሰማይ ይለያል። ሌላው ቦታ የብሩሽ ምት ይታያል፤ እዚያ ግን ጭስ እንደተነፋበት ልሙጥ ነው። ምንነቱ ያኔ አልገባኝም።

መንገዱን የከፈተልኝ የካርቶኑ ጎን ነው። የሞዴሉ ቁጥርና የፋብሪካው ምልክት ቅርጽ እዚያ አለ፤ ምልክቱ በየዘመኑ ስለሚቀያየር ካርቶኑ መቼ እንደታተመ ለመገመት ይረዳል። በቁጥሩ ስፈልግ ሮይ ክሮስ የሚባል እንግሊዛዊ ጋ ደረስኩ። በ1924 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፌይሪ በተባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ቴክኒካዊ ሥዕል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ያንን የብረት መገጣጠሚያ ለምን አንድ በአንድ እንደሣለው ያኔ ገባኝ፤ አውሮፕላን ከውስጥ እንዴት እንደሚገጣጠም ያውቃል። ከ1964 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ለኤርፊክስ ሣለ። ቀለሙ ጓሽ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጥ፣ የታችኛውን ቀለም የሚሸፍን ድፍን ቀለም። ሥዕሎቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ገጹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ።

የእኔ አውሮፕላን ነው። አሞራዬ በነበረበት ቦታ ግን የሚቃጠል ሌላ አውሮፕላን እየወደቀ ነው።

በኋላ በወጡት ካርቶኖች ላይ ፍንዳታና እሳቱ ለልጆች መጫወቻ አይሆንም ተብሎ እየተሸፈነ ይጠፋ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ አሞራ የምሞላው ሰማይ ለካ ሌላ ሰው ያጠፋው ነበር። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። በዚህም አንድ ነገር ተማርኩ፤ እሳት ያለበትና የሌለበት ካርቶን ከተገኙ አብዛኛውን ጊዜ የቀደመው እሳት ያለበት ነው።

የወንድሜ ጓደኛ ደግሞ ታሚያ ከሚባለው የጃፓን ፋብሪካ የታንክ ካርቶን ነበረው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ ቤቱም ዕቃውም ሄደ፤ እነሱ ተርፈዋል፣ ተመስገን። ታሚያ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ መርከብ በ1960 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ሳይሸጥለት ቀረ። ቀጥሎ ፓንተር ለተባለው ታንክ ሽጌሩ ኮማትሱዛኪ የተባለውን ሠዓሊ ሥዕል ለመነው፤ ታንኩ ተሸጠ፣ ፋብሪካውም በእግሩ ቆመ። የኮማትሱዛኪ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል ግን ብዙ ዋና ሥዕሎቹ አብረው ነደዱ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ካርቶን ቅጂ ነው ብዬ አላናንቅም። አንዳንዱ ሥዕል የቀረው ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው።

የእኔን አሁን ከእናቴ ክፍል አውጥቼ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከወለሉ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ፌስታል በድሬ ሙቀት ያልበዋል።

ሌላ አንድ ትንሽ ሣጥን ቀርቶኛል። ማችቦክስ የሚባሉት ትንንሽ የመጫወቻ መኪኖች ሣጥን ነው፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል። ሌስኒ የተባለው ፋብሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. የጀመራቸው ናቸው፤ ሐሳቡም የመጣው ከፋብሪካው ሰዎች የአንዱ የጃክ ኦዴል ልጅ፣ ከክብሪት ሣጥን የሚበልጥ መጫወቻ ትምህርት ቤት መውሰድ ስላልተፈቀደላት ነው። የሴት ልጅ ኪስ ለመላው ዓለም መጫወቻ መለኪያ ሆነ፤ ይህን ለደንበኞቼ ሳልናገር አልውልም። ሣጥኗ ላይ ቀይ የጭነት መኪና አለ፤ ጎማው ላይ ያለው ነጭ የብርሃን ነጥብ በአንድ ምት የተሠራ ነው፣ እጁ የለመደ ሰው ብቻ የሚያደርገው። ቁጥሩን ፈለግሁ፣ ምልክቱን አየሁ፣ ማጉያውን ሁለቴ ተበደርኩ።

ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «ሠዓሊ፦» ብዬ ጽፌ ቦታውን ክፍት ትቻለሁ። እናቴ አዝራሮቿን መልሳ ልታስቀምጥበት ትልቁን ካርቶን ትጠይቀኛለች፤ እስካሁን አልሰጠኋትም።