መቶኛው ከየት መጣ? ባሕር ዳር ላይ ኤዲኤችዲን ስለ ማጥናት

ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ የጤና እክል፣ በኢትዮጵያ ልጆች ላይ ምን ያህል እንደሚታይ የጠየቀ ሰው አንድ መልስ አያገኝም። በቡታጅራ ገጠር ወላጆችን በመጠየቅ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት 1.5 በመቶ አለ። በኦሮሚያ ግርጃ ወረዳ ከ6 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 1,302 ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2019 የወጣው ደግሞ 7.3 በመቶ። የአፍሪካን ጥናቶች አንድ ላይ የደመረ የ2020 ትንተና 7.47 በመቶ ላይ አረፈ። በ2007 ከዓለም ዙሪያ 102 ጥናቶችን የሰበሰበው ግን 5.29 በመቶ ነበር ያለው።

የመመረቂያ ጥናቱን ባሕር ዳር ላይ ሊሠራ የተነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ይዞ ይጀምራል፤ ልዩነታቸውንም በድህነት፣ በገጠርና በከተማ ወይም በዘመን ያብራራል። እኔ እንደማምነው የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ያለው ልጆቹ ላይ ሳይሆን አጠያየቁ ላይ ነው። ቡታጅራ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ለምርመራ ተብሎ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ነው። ግርጃ ላይ የዋለው ለየምልክቱ ደረጃ የሚሰጥበት መጠይቅ ነው። ሁለቱ የሚቆጥሩት ነገር አንድ አይደለም።

በስሌት እንየው። 1,000 ልጆች አሉ እንበል፤ በእርግጥ ኤዲኤችዲ ያለባቸው 70 ናቸው። መጠይቁ ችግሩ ካለባቸው 80 በመቶውን የሚይዝ፣ ከሌለባቸውም 80 በመቶውን በትክክል ነጻ የሚያወጣ ይሁን። ለልየታ መጠይቅ ይህ መጥፎ የሚባል አይደለም። ከ70ዎቹ 56ቱን ይይዛል። ከቀሩት 930 ግን 186ቱን አብሮ ያፍሳል። ድምሩ 242 ነው፤ ሪፖርት ላይ ሲሰፍር 24.2 በመቶ ይሆናል። ከእነዚህ 242 ልጆች መካከል በእርግጥ ችግሩ ያለባቸው ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መጠይቅ ብቻ በትኖ «የባሕር ዳር ልጆች ሩብ ያህሉ ኤዲኤችዲ አለባቸው» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ወላጅንም ያስደነግጣል።

ቁጥሩን ወደ ልኩ የሚመልሱት የምርመራ መስፈርቶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5፣ ማለትም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ ትኩረት በማጣት በኩል 9፣ በመቅበጥበጥና በችኩልነት በኩል 9 ምልክቶች አሉት። ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቢያንስ ከአንዱ ወገን 6 ምልክቶች ለ6 ወር መታየት አለባቸው። የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩና ኑሮውን ወይም ትምህርቱን የሚጎዱ መሆን ይጠበቅባቸዋል። ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። ቤት ውስጥ ቀዥቃዣ የሆነ፣ ክፍል ውስጥ ግን ተረጋግቶ የሚማር ልጅ በወላጅ መጠይቅ ብቻ ቢጠና ይቆጠራል። ሊቆጠር ግን አይገባም።

የመጠይቅ ምርጫ ላይ ቫንደርቢልት የሚባለው በነጻ ይገኛል፤ የወላጁ 55፣ የመምህሩ 43 ጥያቄ አለው። ከ0 እስከ 3 ከሚሰጠው ነጥብ እንደ ምልክት የሚቆጠሩት 2 እና 3 ናቸው። ጥቅሙ መጨረሻው ላይ ስለ ትምህርት ውጤትና ስለ ግንኙነት የሚጠይቅ ክፍል መኖሩ ነው፤ ችግሩ ልጁ ላይ ያደረሰው ጉዳት የሚለካው እዚያ ነውና እንዳይቆረጥ። የልጆችን ስሜትና ጠባይ በአጭሩ የሚለካው ኤስዲኪው የተባለው መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ 25 ጥያቄዎች ሲኖሩት ስለ መቅበጥበጥና ስለ ትኩረት የሚጠይቁት 5 ብቻ ናቸው። በወላጅ መጠይቁ ከ10 ውስጥ 7 እና ከዚያ በላይ ያገኘ «ከመደበኛው የወጣ» የሚባልበት መስመር የተሰመረው ግን በእንግሊዝ አገር ልጆች ላይ ነው። ያንን መስመር እንዳለ አምጥቶ ጣና ዳር ላሉ ልጆች መጠቀም በትንሹ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

መምህሩን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለውና ለሁሉም 43ቱ ጥያቄ ከቀረበ 2,580 መልስ መሙላት አለበት። ከዐሥረኛው ልጅ በኋላ ሁሉንም «አንዳንድ ጊዜ» እያለ ነው የሚያልፈው። ለአንድ መምህር ከ5 ወይም ከ6 ልጅ በላይ አይሰጥ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ልጁን በእርግጥ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ይጣራ፤ የክፍል ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያገኘው ሊሆን ይችላል። ጊዜውም ይታሰብበት። በመስከረም መምህሩ ልጆቹን ገና አያውቃቸውም፤ እስከ ኅዳር ድረስ ደግሞ ወባው ልጆቹን ከክፍል ያስቀራል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅስ? ዘጌና ደሴቶቹ ላይ፣ በሐይቁ ዳርም በሚገኙ ጎጦች ጥናቱ በትምህርት ቤት ብቻ ከተወሰነ ብዙ የሚቸገሩት ልጆች ይቀራሉ፤ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ቀድሞ የሚያቋርጥ ነውና። ሁለተኛው የመረጃ ምንጭ መደበኛ መምህር ብቻ መሆን የለበትም። አብነት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የኔታ ያውቁታል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የቀጠረው ጎረቤት ያውቀዋል። ጥያቄው ብቻ ከኑሮው ጋር ይስማማ፤ ስለ ቤት ሥራው በመጠየቅ ፋንታ «ሱቅ ልከኸው የተላከበትን ረስቶ ይመለሳል ወይ? እረኝነት ላይ ሆኖ ከብቱ እህል ውስጥ እስኪገባ ሐሳቡ ይሄዳል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ዕድሜም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከእኩዮቹ በወራት የሚያንስ ልጅ ዕድሜው ያመጣው አለመብሰል እንደ በሽታ ይታይበታል፤ የልደት ቀን ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። የተወለደበትን ወቅት ከጥምቀት፣ ከፋሲካ፣ ከመስቀል ወይም ከአዝመራ ጋር እያያያዙ መጠየቅ ይረዳል። «ላለፉት 6 ወራት» ከማለትም «ከመስቀል ወዲህ» ማለት ለብዙ እናት ይቀላል።

ሴት ልጆችን ማንም ስለማይጠቁማቸው እጨነቃለሁ። የማትረብሽ፣ መስኮት መስኮት እያየች የምትውል ልጅ «ጨዋ ናት፣ ትንሽ ፈዛዛ ናት» ተብላ ታልፋለች። መምህሩ ራሱ ጠቁሞ እንዲያቀርብ ከተተወ የሚመጡት ረባሽ ወንዶች ናቸው። ልጆቹ ከስም መዝገብ በዕጣ ይመረጡ።

የናሙና መጠን ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። 7.3 በመቶን ይዞ የስሕተት ወሰኑን 5 በመቶ ያደረገ ሰው 104 ልጅ ይበቃኛል ይላል። ውጤቱ ግን «ከ2 እስከ 12 በመቶ መካከል» ከማለት አያልፍም፤ ይህ ደግሞ ሳይጠናም የታወቀ ነው። ወሰኑ 2 በመቶ ሲሆን 650 ልጅ ያስፈልጋል። ከአንድ ክፍል የተመረጡ ልጆች ስለሚመሳሰሉ፣ አንድ መምህርም ስለሚሞላላቸው፣ በ1.5 ሲባዛ 975 ይሆናል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 1,073። ለአንድ ተማሪ ይከብዳል፤ ሦስት አራት ሆኖ ተባብሮ አንድ ጥናት መሥራት ሦስት አራት ደካማ ጥናቶች ከመጨመር ይበልጣል።

ከዚያ ሁለተኛው ዙር ይመጣል። በመጠይቁ የተያዙት ሁሉ፣ ካልተያዙትም የተወሰኑት፣ በሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይታያሉ። ካልተያዙት 10 በመቶ ብቻ መውሰድ የተለመደ ነው፤ አደጋው ግን እዚህ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 758 አልተያዙም፤ 10 በመቶው 76 ነው። ከእነሱ ውስጥ የሚገኝ አንድ ልጅ በ10 ተባዝቶ ይቆጠራል። በአጋጣሚ አንድ ሳይሆን ሁለት ከተገኙ አጠቃላይ ስርጭቱ በ1 በመቶ ይዘላል። መፍትሔው 4 ወይም 5 ምልክት ያላቸውን፣ መስመሩ ሥር የቀሩትን፣ ሁሉንም ማየትና ከቀሩት ጥቂት መውሰድ ነው።

ባለሙያው ኤዲኤችዲ ከማለቱ በፊት የሚያጣራቸው ነገሮች ጣና ዳር የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። የዓይን ሰሌዳ በ6 ሜትር ይነበብ፤ የአማራ ክልል ትራኮማ የበዛበት ነው። ከኋላ ቆሞ በሹክሹክታ ቃል ማስደገም የመስማት ችግርን ለመጠርጠር ይበቃል። ሐይቁ ውስጥ የሚዋኝና የሚያጠምድ ልጅ ቢልሃርዝያ ሊኖረው ስለሚችል ሰገራው ይመርመር። ሄሞግሎቢንም ይለካ፤ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ የደም ማነስ መስመሩ በዴሲሊትር 11.5 ግራም ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግን የከፍታ ማስተካከያ ይደረግበታል። በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሴኮንድ ፈዞ የሚቀር ልጅ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊኖርበት ይችላልና ለብቻው ይታይ። ለ3 ደቂቃ በጥልቀትና በፍጥነት እንዲተነፍስ ሲደረግ መፍዘዙ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ይህን የሚያደርገው ሐኪም ነው።

ተያያዥ ምክንያቶች ሠንጠረዥ ላይ ሲቀመጡ አጻጻፉ ሰው እንዳይጎዳ። ግርጃ ላይ ከአንድ ወላጅ ጋር መኖርና ዝቅተኛ ኑሮ ከኤዲኤችዲ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። በአንድ ጊዜ የተወሰደ መረጃ ግን የቱ የቱን እንዳመጣ አይናገርም። የመንታ ልጆች ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከሰው ሰው የሚታየው ልዩነት 70 በመቶና ከዚያ በላይ በዘር የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ራሱ ችግሩ ያለበት አባት ቤቱን ጥሎ ሊሆንም ይችላል። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ጥፋተኛ የምትሆንበት ዓረፍተ ነገር ጽሑፉ ውስጥ መግባት የለበትም።

ችግሩ የተገኘበት ልጅ ስሙ ተመዝግቦ መቅረት የለበትም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ጋር የመቀበያ ቀን ይያዝ። የወላጆች ሥልጠናና የመምህሩ ድጋፍ መጀመሪያ ይመጣሉ፦ ፊት ወንበር፣ አንድ በአንድ የሚሰጥ አጭር ትእዛዝ፣ ወዲያው የሚሰጥ ምስጋና፣ በየ10 እና 15 ደቂቃው እረፍት፣ ዱላ የለም። ሜቲልፌኒዴት የተባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት የሚታሰበው ከ6 ዓመት ጀምሮ፣ በስፔሻሊስት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የምግብ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት እየተለኩ። ቤተሰቡ ጠበል የሚሄድ ከሆነ አይከልከል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ግን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከወላጁም ከካህኑም ጋር በአክብሮት ይነገር። ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ለሚመጣ ወላጅ የጀልባውና የባጃጁ ገንዘብ ከመጀመሪያው በጥናቱ በጀት ውስጥ ይያዝ፤ ያልተያዘ እንደሆነ ሪፈር ወረቀቱ ቤት ውስጥ ይቀራል።