የቁራ ጫጩቶች ወቅት

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ሙቀቱ ነው። ድሬ እንዲህ ሲብስባት ሰው ከጎረቤቱ ጋር ማውራት ይታክተውና ከራሱ ጋር ይጀምራል። ወንዛችን ደቻቱ እንደ ልማዱ አሸዋውን አስጥቶ ተኝቷል። ቡና ላይ እ. የጣለቻት ነገር ግን አልለቀቀችኝም፦ «ተራራውን እያየ ፈጣሪውን የማያውቅ አለ እንዴ?» አለች። ማንም አልተከራከራትም።

እዚህ ልከራከራት። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ (1፥20) ከፍጥረት የሚታየውን በልኩ ነው ያስቀመጠው፤ የዘላለም ኃይሉና አምላክነቱ። በቃ፣ ሁለት ነገር። ተራራው «ኃያል አለ» ይላል፤ «ስምህን ያውቃል» ሲል ግን አልሰማሁትም። ብዙ ስብከት እዚህ ጋ ይዘልላል፤ አበባ ያሳየንና ወዲያው «ይወድሃል» ይለናል። በመሃል ያለውን መንገድ የሚሄድ የለም።

ድሬ ላይ ደግሞ ያንን መንገድ ወንዝ ያቋርጠዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ከባዱ ዝናብ የጣለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉም የተመነጠረ ስለሆነ ውሃው መሬት ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አላገኘም፤ ተጠራቅሞ በደረቁ አሸዋ ላይ ወረደና ሰዉን በተኛበት ደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙው ወንዙን ተጠግቶ የሚኖር ድሃ ነበር። ይህም ፍጥረት ነው። ተራራውን ለምስክርነት የጠራ ሰው ጎርፉንም መጥራት አለበት።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አሳምራ ታውቃለች። ዘመነ ክረምትን ሰኔ 26 ታስገባና ለየክፍሉ ስም ታወጣለታለች። መጀመሪያ ዘርና ደመና ነው። ከሐምሌ 19 ጀምሮ፣ ከቁልቢ ገብርኤል ዕለት ማለት ነው፣ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ ይባላል። የደቻቱ ሌሊት የዋለው በዚሁ በአፍላግ፣ በወንዞች ወቅት ውስጥ ነው። ነሐሴ 10 ገደማ ሲደርስ ስሙ ይለወጣል፦ ዕጕለ ቋዓት፣ የቁራ ጫጩቶች። ከጎርፉ ቀጥሎ የሚጮህ ጫጩት! መነሻው መዝሙር 146 ነው (በሌላው አቆጣጠር 147)፤ ለእንስሳትና እርሱን ለሚጠሩት የቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን ይሰጣል የሚለው።

ሰባኪዎች እንዲህ ያብራሩታል፦ ጫጩቱ ጥቁር ሆኖ ስለማይፈለፈል ወላጆቹ የኛ አይደለም ብለው ጥለውት ይሸሻሉ፤ አፉን ከፍቶ ሲጮህ እግዚአብሔር ተሐዋስያን ወደ አፉ እያስገባ ይመግበዋል። ግማሹ ልክ ነው። ጫጩቱ ላባ የሌለው፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ሮዝ ሥጋ ሆኖ ነው የሚወጣው። መሸሽ ግን የለም። ቁራ ከወፍ ሁሉ ታታሪ ከሚባሉት ወላጆች አንዱ ነው። እናቲቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፤ ከዚያ እናትም አባትም ከምላሳቸው ሥር ባለው ከረጢት ምግብ እያመላለሱ፣ ጫጩቱ ከጎጆ እስኪወጣ አምስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቀልቡታል። የጫጩቱ አፍ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው። ወላጁን ዕረፍት ነስቶ የሚያስሮጠው ያ ቅላትና ያ ጩኸት ነው።

ይህ ስብከቱን ያፈርሰዋል አልልም። ለኔ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ትንኝ በተአምር አፍ ውስጥ ከሚገባ ይልቅ፣ ጩኸት ሰምቶ መቀመጥ የማይችል ወላጅ መፈጠሩ ስለ ፈጣሪው ብዙ ይናገራል። ኃይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጩኸት ምን ያደርግለታል? ክርስቶስም በሉቃስ 12 «ቁራዎችን ተመልከቱ» ሲል የመረጠው ወፍ ኦሪት ዘሌዋውያን 11 ከርኩሳን የቆጠረውን ነው። (ጎተራ የላቸውም፣ እውነት ነው፤ ትርፍ ሥጋ መደበቅ ግን ያውቁበታል። ይለፋቸው።) እዚያው ምዕራፍ ላይ አምስት ድንቢጦች በአሥር ሳንቲም ይሸጣሉ፤ ማቴዎስ ላይ ሁለቱ በአምስት። ሂሳቡን ላሰበው አምስተኛዋ ምራቂ ናት፣ ዋጋ አልወጣላትም። እሷም አትረሳም ይላል። አትወድቅም ግን አላለም። ማቴዎስም ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም ነው ያለው፤ መውደቁማ አለ።

እዚህ ላይ ነው የምያዘው። ቁራ እንቁላሎቿን በአንድ ቀን አትጥልም፤ ጫጩቶቹም የሚፈለፈሉት በየተራ ነው። ምግብ ሲያጥር አንገቱን አስግጎ የሚጮኸው ትልቁ ይጎርሳል፤ መጨረሻ የወጣው ትንሹ ድምፁ እየሰለለ ይሄድና ይሞታል። መዝሙሩ «ለሚጠሩት» ነው የሚለው። መጥራት ያቃተውስ? በእንቅልፉ ጎርፍ የደረሰበት ሰው መቼ ይጥራ?

አባን ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። የሚሉኝን አውቀዋለሁ፦ «ልጄ፣ ያንተ ድምፅ እንኳ ሰልሎ አያውቅም፤ ምን አስጨነቀህ?»