ጎል ሲገባ ሚበራ አምፖል ልሰራ ብዬ ሆኪ ተማርኩ

መጀመሪያ ልናዘዝ፣ ይሄን አምፖል መስራት ስጀምር ሆኪ ሚገባኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ አይገባኝም ነበር። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ምኖረው፣ ስራዬ ባክኤንድ ዴቨሎፐር። አሜሪካ ገና አዲስ እያለሁ 2018 ላይ የዲሲው የበረዶ ሆኪ ቡድን ዋሽንግተን ካፒታልስ ቬጋስን አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፑን ሲወስዱ የስራ ቦታ ልጆች ጎትተው ዲሲ ቻይናታውን ወሰዱኝ፣ ጨዋታው ሚካሄደው ቬጋስ ነው ግን መንገዱ በቀይ ማልያ ተሞልቶ ማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲያቅፈኝ አመሸ፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ደጋፊ ሆንኩ። ደጋፊ ማለት ግን ፓኳ (የሆኪዋ ጠፍጣፋ ኳስ) መረብ ስትነካ መጮህ ነው እንጂ ህግ ማወቅ አይደለም፣ ለምን እንደተነፋ ሳይገባኝ አምስት አመት አይቻለሁ።

2023 መስከረም ላይ ልጃችን ተወለደች። የካፒታልስ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ማታ 1 ሰዓት ነው ሚጀምረው፣ እሷ ደግሞ ምትታጠበውም ምትተኛውም በዛው ሰዓት ነው፣ ስልክ ይዤ ህፃን ማስተኛት ደሞ ባለቤቴ ከልክላለች (ልክ ናት)። እና አንድ ቀን ጡጦ እያጠብኩ ሃሳቡ መጣልኝ፣ ሆኪ ላይ ጎል ሲገባ ከመረቡ ኋላ ቀይ መብራት ይበራል አይደል፣ እሱን ወጥ ቤት ላስገባው። ድምፅ የለውም፣ ልጅ አይቀሰቅስም፣ ሲበራ ሮጬ ሳሎን እሄዳለሁ።

እቃው ብዙ አልነበረም። መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ራዝበሪ ፓይ ሚባል ትንሽዬ ኮምፒውተር፣ 5 ቮልት ሪሌይ (በኮድ ሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በ12 ቮልት አዳፕተር ሚሰራ እንደ አምቡላንስ ሚሽከረከር ቀይ መብራት። የግድግዳውን 120 ቮልት አልነካሁም፣ የሶፍትዌር ሰው ነኝ እድሜዬን እወዳለሁ። ዳታውን ደሞ የሊጉ ዌብሳይት ራሱ ውጤት ሚያወጣበት ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ዳታ ሚጠይቅበት በር) አለ፣ ይፋዊ ማብራሪያ የለውም ግን ጊትሀብ ላይ ሰዎች እያንዳንዱን አድራሻ ፈታትተው ፅፈውታል። ፓይተን፣ ስልሳ መስመር ምናምን፣ ሁለት ቅዳሜ። ውጤቱን ጠይቅ፣ ቁጥሩ ከጨመረ ሪሌዩን ክፈት፣ አስር ሰከንድ ጠብቅ፣ ዝጋ። ለስራ ቃለ መጠይቅ ቢሰጡኝ ምስቅበት ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንደኛው ፔሬድ ላይ (ጨዋታው ለሶስት ፔሬድ ይከፈላል) ጎል ገባ፣ በራ፣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ገባ፣ ጭጭ። ሶስተኛውም ጭጭ። በሚቀጥለው ጨዋታም እንደዛው፣ ሁለተኛው ፔሬድ ሲጀመር አምፖሉ ይሞታል። ኔትወርኩ ነው ብዬ ራውተር ቀየርኩ፣ እውነቴን ነው ገንዘብ አውጥቼ ራውተር ገዛሁ። ነገርዬው ለካ የፓዩን ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ትቼዋለሁ፣ ስክሪፕቱ ደግሞ በየዙሩ "የዛሬ ጨዋታ ስጠኝ" ነው ሚለው፣ ጥቅምት ላይ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲል ዩቲሲ ላይ እኩለ ሌሊት ነው፣ ስለዚ ጨዋታው መሃል ላይ እያለ ለኔ ኮድ ነገ ሆኖ የነገውን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በአበሻ ሰዓት ተቆጥሮ ያደገ ሰው ቀን መቼ እንደሚጀምር ሊሳሳት አይገባም ነበር፣ እኛ ኮ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ነው ምንቆጥረው። አሁን መጀመሪያ የጨዋታውን መለያ ቁጥር አንዴ ይይዛል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ቀን ሚባል ነገር አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጉድ ከሆኪ ጋር አይገናኝም ግን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 10 ሰዓት መብራት ጠፍቶ መጣ፣ እኛ ተኝተናል፣ ፓዩ ሲነሳ አምፖሉ በራ። የገዛሁት ሪሌይ ሲግናሉ ዝቅ ሲል ነው ሚከፍተው፣ እና ስክሪፕቱ ተነስቶ ሲግናሉን እስኪቆጣጠረው ድረስ ሪሌዩ ክፍት ነበር። ወጥ ቤቱ በቀይ ይሽከረከራል፣ ባለቤቴ እሳት መስሏት ልጅቷን አቅፋ በር ላይ ደርሳለች፣ እኔ በባዶ እግሬ "ጎል ነው ጎል ነው" እላለሁ። በማግስቱ ከፍ ሲል ሚከፍተውን አይነት ገዛሁ። የጋብቻ ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ባግ (የኮድ ስህተት) በመሰለኝ ቁጥር የሆኪ ህግ ሆኖ ነው ሚገኘው።

ለምሳሌ አምፖሉ ሶስተኛው ፔሬድ መጨረሻ ላይ የገቡ ጎሎችን ይዘላቸው ነበር፣ ሁሉንም አይደለም፣ አንዳንዱን። ኤፒአዩ ለጨዋታው ሁኔታ ቃል አለው፣ ያልጀመረ፣ ሊጀምር ያለ፣ ላይቭ፣ ያለቀ ምናምን፣ እኔም "ላይቭ ከሆነ ተከታተል" ብዬ ፅፌያለሁ። ለካ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ውጤቱ ከተቀራረበ ላይቭ ሚለው ቃል ወደ "ክሪት" ይቀየራል፣ ክሪቲካል ለማለት ነው። የኔ ስክሪፕት ላይቭ ካልሆነማ አልቋል ብሎ ይተኛል። ማለትም ጨዋታው ልብ ሰቃይ ሲሆን እየጠበቀ ነው ሚተኛው። ይሄን ስፈልግ ነው ተሸናፊው ቡድን መጨረሻ ላይ በረኛውን አስወጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች እንደሚያስገባ በቅጡ ያወቅኩት፣ ስንት አመት ሙሉ በረኛው ተናዶ ወጥቶ ይመስለኝ ነበር። ባዶ መረብ ላይ ጎል ሚበዛው ለዛ ነው፣ የኔ አምፖል ደሞ በትክክል እነዛን ነበር ሚያልፋቸው።

ሹትአውቱ ደሞ አለ። በመደበኛው የውድድር ዘመን 60 ደቂቃው እኩል ካለቀ 5 ደቂቃ ሶስት ለሶስት ይጫወታሉ፣ ያም ካልለየ እንደ እግር ኳሱ መለያ ምት አንድ በአንድ ከበረኛ ጋር ይፋጠጣሉ፣ መጀመሪያ ሶስት ሶስት ሰው። አንድ ማታ አምፖሉ እየበራ እየጠፋ እየበራ አበደ፣ የመጨረሻው ውጤት ግን በአንድ ነው የጨመረው። ምክንያቱም መለያው ላይ ስንትም ይግባ አሸናፊው ሚመዘገብለት አንድ ጎል ብቻ ነው፣ ዳታው ግን እያንዳንዷን የገባች ምት ጎል ብሎ ይልካታል። እኔም ሰነፍ ነኝ፣ ሶስት ፔሬድ፣ አራተኛው ተጨማሪ ሰዓት፣ አምስተኛው ሹትአውት፣ ስለዚ "ፔሬድ 5 ከሆነ ዝም በል" ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩና ጨረስኩ። በጣም ኮርቼበት ነበር፣ ኮዱንም ኤድመንተን ካናዳ ላለው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ላክሁለት፣ እሱ የከተማው ቡድን የኦይለርስ ደጋፊ ነው፣ አምፖሉን በነሱ ቀለም ብርቱካናማ አርጎ ሰቀለው።

ግንቦት ላይ፣ በፈረንጅ ሜይ 23 ቀን 2024 መሆኑ ነው፣ ኦይለርስ ከዳላስ የኮንፈረንስ ፍፃሜ የመጀመሪያ ጨዋታ። እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ቴሌግራም ላይ ሁለት ደቂቃ ሚፈጅ የድምፅ መልእክት፣ "ስማ አንተ ጉደኛ፣ ማክዴቪድ አገባ፣ ፎቁ በሙሉ ጮኸ፣ ያንተ አምፖል እንደ ሻማ ቁጭ ብሎ ያየኛል። እኔ ኮ አምፖሉን አምኜ ሽንት ቤት ነበርኩ!" ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ሚመጣው ጥሎ ማለፍ) ላይ ሹትአውት ሚባል ነገር የለም ለካ። ሙሉ 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ እየጨመሩ አንድ ሰው እስኪያገባ ነው ሚቀጥሉት፣ የኦይለርሱ ማክዴቪድ ያገባው ሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት በተጀመረ በ32ኛው ሰከንድ ነው፣ ማለትም ፔሬድ 5፣ ማለትም የኔ "ዝም በል"። ሚገርመው የፔሬዱ አይነት ዳታው ውስጥ ከቁጥሩ አጠገብ ተፅፎ ቁጭ ብሏል፣ ሹትአውት ነው ወይስ ተጨማሪ ሰዓት ብሎ ይነግርሃል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ስራ ቦታ ጁኒየር ልጅ ቁጥር እንዲህ ኮድ ውስጥ ቢሰነቅር ሪቪው ላይ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ጓደኛዬ እስካሁን "ፔሬድ አምስት" ነው ሚለኝ።

የተሻረው ጎል ደሞ አለ። አምፖሉ በራ፣ ካፒታልስ ሶስተኛውን አገቡ፣ ከዛ ያኛው አሰልጣኝ ኦፍሳይድ ነው ብሎ ቪዲዮ ይታይልኝ አለ፣ ተሻረ። ችግር የለም። ግን ከአስር ደቂቃ በኋላ የእውነቱ ሶስተኛ ጎል ሲገባ አምፖሉ አልበራም፣ ምክንያቱም እኔ "ያየሁት ትልቁ ቁጥር" ነው ማስቀምጠው፣ ሶስትን አንዴ አይቻለሁ ብሎ ናቀው። አሁን ቁጥር መቁጠር ትቼ የእያንዳንዱን ጎል መለያ ነው ምይዘው፣ ዳታው ላይ ከጠፋ እኔም ጋ ይጠፋል። ኦፍሳይዱን ግን ኮዱ አላስረዳኝም፣ ቦልስተን ሄጄ ነው የገባኝ፣ የካፒታልስ ልምምድ ሜዳ መኪና ማቆሚያ ፎቅ ጣራ ላይ ነው ያለው፣ የተጋጣሚ ክልል ሚጀምርባትን ሰማያዊዋን መስመር በዓይኔ አየኋት፣ ፓኳ ሳትቀድምህ አንተ ቀድመህ ካለፍክ ነው። በኪራይ ጫማ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አልናገርም።

እስካሁን አምፖሉ ከቲቪው እንደሚቀድም አልነገርኳችሁም። ቲቪ በኢንተርኔት ነው ምናየው፣ ስትሪሙ ከዳታው በ25 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፣ ለኔ ይሄ ፀጋ ነበር፣ ሲበራ እጄን አደራርቄ ሳሎን ስደርስ ጎሉ ሊገባ ይሆናል። ታህሳስ 2017 ላይ በኛ አቆጣጠር የባለቤቴ አባት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጡ። አባባ መጀመሪያ ቀን ሶፋ ላይ ቁጭ አሉና ትንሽ አይተው "ይሄማ ገና ነው" አሉ። ፍቼ ነው ያደጉት፣ ዱላውን ራሳቸው ቆርጠው አቃንተው እሩር ሲያሳድዱ እንደዋሉ ተረኩልን። ሁለት ተጫዋቾች ጓንት ጥለው ሲቧቀሱ ዳኞቹ ቆመው ሲያዩ ደሞ ሳቅ ብለው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉ፣ ከዛ ሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ሲቀጡ "አይ እነዚህ ይቆጣሉ" ብለው አረሙት።

አባባ ከተቀመጡበት ወጥ ቤቱ ይታያል። በሶስተኛው ቀን ነገሩ ገብቷቸዋል። ታች ያሉት ጎረቤታችን ጋሽ እንትና ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ቀዩ ይበራል፣ አባባ ፊታቸው ሳይለወጥ "አሁን ይገባል" ይላሉ፣ ሰውየው ቲቪው ላይ ያፈጣል፣ አንድ፣ ሁለት ቅብብል፣ ጎል። ሁለት ቀን ተወራረዱ። ሁለት ቀን ሰውየው ቡና ይዘው መጡ፣ አንደኛው ይርጋጨፌ። በሶስተኛው ዞር ብለው አዩና "ይሄ መብራት ጠንቋይ ነው እንዴ?" አሉ። እኔም ለፍትህ ስል ማዘግያ ጨመርኩበት፣ ቁጥሩን ፋይል ላይ ትፅፋለህ፣ 25 አልኩት። አባባ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። "ሚሰራን ነገር ምን ያስነካካሃል ልጄ?" አሉኝ፣ ይሄን ስራ ቦታ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።

መጋቢት 28፣ የኒቆዲሞስ እሁድ። ጨዋታው ኒውዮርክ ከአይላንደርስ ጋር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ የካፒታልሱ ኦቬችኪን ከሁለት ቀን በፊት የሊጉን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ የያዘውን ግሬትዝኪን 894 ጎል ላይ ይዞታል፣ ሪከርዱን ለመስበር አንድ ቀርታዋለች። እኛ ቤተክርስቲያን ነን፣ አባባ ጉልበታቸው አሟቸው ቤት ቀርተዋል። ቅዳሴ ወጥተን መኪና ውስጥ እያለን ደወሉ።

"በራ" አሉኝ።

"ማን አገባ አባባ?"

"ማን ይሆናል! አንድ ሰው ተቀጥቶ ወጥቶባቸው አምስት ለአራት ነበሩ። እንደለመደው ከግራ በኩል መታት። ከዛ ጓንቱን ጥሎ በሆዱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ፣ ሽማግሌ ሰውዬ። ጨዋታውን አቁመውለታል።"

ኦፍሳይድ ሊሆን ይችላል ቪዲዮ ካዩት ልላቸው ስል "አይሻርም፣ መስመሩን አይቻለሁ" አሉ ቀድመውኝ። ቤት ስደርስ ሎጉን ከፈትኩት፣ ካፒታልስ፣ ፔሬድ 2፣ 7፡26፣ ፓወር ፕሌይ (አባባ ያሉት አምስት ለአራት)፣ ማዘግያ 0። ዜሮ? ዞር ብዬ አባባን ሳያቸው ሽሮአቸውን እየበሉ ቲቪውን እያዩ ነው። ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ፣ ፋይሉም እንደተከፈተ ነበር።

ጨዋታው 4 ለ 1 ተሸንፈው አለቀ፣ ደጋፊው ግን ይጨፍራል። አባባ እጃቸውን ጠርገው "ተሸንፈው ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" አሉ፣ ከዛ ታች ላሉት ጎረቤታችን ደወሉላቸው።