ኸርስት ደሴ ሲገባ

ደሴ ሥዕል የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የሥዕል ክበብ አቋቁሟል። «ልጆቹ አበባና ጀበና መሣል ሰልችቷቸዋል፤ መጥተህ ስለ ፖለቲካ ካርቱን አውራልን» አለኝ። ማውራቱ ቀላል ነው። ጣጣው ማንን ምሳሌ ላድርግ የሚለው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ባነሳ ለጓደኛዬም ለክበቡም ደግ አይሆንም። የሞተ ባነሳም ዘመድ አለው። ስለዚህ ከእኛ ጋር ዝምድናም ቂምም የሌለው ሰው መረጥኩ፤ አሜሪካዊውን የጋዜጣ ባለቤት ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስትን።

የኸርስት ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። አባቱ በማዕድን የከበረ ሰው ነበር። ልጁ በ1887 እ.ኤ.አ. የአባቱን የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ተረከበ፤ በ1895 ደግሞ ኒውዮርክ ሄዶ ሌላ ገዛ። ጋዜጣው ሲቸበቸብለት ሥልጣን አማረው። ሁለት ጊዜ ለኮንግረስ ተመረጠ። በ1904 የዲሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ለመሆን ሞከረ፣ አልሆነለትም። በ1905 ለኒውዮርክ ከተማ ከንቲባነት፣ በ1906 ለኒውዮርክ ግዛት ገዥነት፣ በ1909 እንደገና ለከንቲባነት ተወዳደረ። ሁሉንም ተሸነፈ። እንዲህ ያለ ሰው ለካርቱኒስት ሰርግና ምላሽ ነው። የተሣሉበትን ካርቱኖች በትልልቅ ወረቀት ፕሪንት አስደርጌ፣ ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ተቆራመድን፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጃኬት ማውለቅ ተጀመረ። ሸዋ ሮቢት ምሳ በላን። እስከዚህ ድረስ የሚወራ ነገር የለም።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ሻንጣዬ በሰላም አለፈ፤ ጉድ ያመጣው ጥቅሉ ነው። ፈታሹ ወጣት ልጅ ነው። ወረቀቱን ዘረጋና በገለባ የተሞላ ሰውዬ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲያይ ፊቱ ተቀየረ።

«ይሄ ማነው?»

«አሜሪካዊ ነው ወንድሜ። ከሞተ ቆይቷል።»

«ባለሥልጣን ነው?»

«ሊሆን ፈልጎ ነበር።»

ሳቁን ዋጥ አደረገና ሌላውን ገለጠ። «የኛ ሰው የለበትም?»

«የለበትም።»

አንድ በአንድ አያቸው። ፍተሻው የጠበቀ መስሎኝ ነበር። ጓደኛውን ጠርቶ «ና ይሄን እይ!» ሲለው ነው የገባኝ። ረዳቱ ጥሩምባ እያስነፋ ሲያስቸኩል ወረቀቶቹን እንደነገሩ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ከከሚሴ ወዲህ መንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ ነው። ፍሬው ቀላ ብሏል። ማማ ላይ የቆሙ ልጆች ወንጭፍ ያጮሃሉ። የተዘባረቀውን ጥቅል ለማስተካከል ጭኔ ላይ ስዘረጋው አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አንገታቸውን አሰገጉ። ሐርቡ ወራጅ ናቸው። ከላይ የነበረው ያው ኬላ ላይ ያጣላን ባለጭቃ ሥዕል ነው።

«ምን ይመስልዎታል አባቴ?» አልኳቸው።

«ይሄማ የማሽላ ማስፈራሪያ ነው። እኛም እንሠራ የለ? ያረጀ ኮት ገለባ ጠቅጥቀንበት እናቆማለን።»

«ሰውየው ጋዜጣ ነበረው፤ ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር ነው እንዲህ የሣሉት።»

«ሰው መሳይ በሸንጎ በለኛ!» አሉና ከት ብለው ሳቁ። የፊት ወንበር የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ወፏኮ አንድ ሰሞን ነው የምትፈራው። ስትለምደው ሄዳ አናቱ ላይ ትቀመጣለች።»

ይህን ሥዕል የሠራው ደብልዩ. ኤ. ሮጀርስ ነው፤ ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው መጽሔት በጥቅምት 1906 አወጣው። የገለባው ሰውዬ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ልጆችም አዋቂዎችም የሚያውቁት ተረት ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። ሮጀርስ ገለባው ላይ የኸርስትን ፊት ሰካበትና ጭቃ ውስጥ ከተተው። ኸርስት በጋዜጣው ሰው ላይ ጭቃ ሲለጥፍ የኖረ ነው፤ አሁን ራሱ ገባበት። አዛውንቱ ተረቱንም ሰውየውንም አያውቁም። የወፏን ነገር ግን ሮጀርስ ራሱ የነገራቸው ይመስላል። ኸርስት በየቀኑ በትልልቅ ፊደል «ጉድ! እልቂት! ሌባ!» እያለ ነበር ጋዜጣ የሚሸጠው። በየቀኑ የሚጮህን ሰው ማን ይደነግጥለታል?

በኅዳር ምርጫ ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ በ58,000 ድምፅ ገደማ አሸነፈው። የሚገርመው ሌላው ነው። ከኸርስት ጋር በአንድ ዝርዝር የቀረቡት ለሌሎቹ የግዛቲቱ ሥልጣኖች የተወዳደሩ ዲሞክራቶች አልፈዋል። ሕዝቡ ሌሎቹን መርጦ እሱን ብቻ ነው የዘለለው።

አዛውንቱን ሐርቡ አወረድናቸው። ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንያያዘው መኪናው አቃሰተ። ደሴ ስንገባ ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል።

ጓደኛዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። እናቱ ፍልቅልቅ ሴት ናቸው፤ ሲኒ ባቀበሉ ቁጥር «ጀባ!» ይላሉ። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ልጃቸው «እስኪ ያመጣኸውን አሳየን» ሲለኝ የሊዊስ ግላከንስን ሥዕል ዘረጋሁ። ፐክ በተባለ የቀልድ መጽሔት በጥቅምት 1910 የወጣ፣ ባለቀለምና ሰው የበዛበት ሥዕል ነው። መሐል ላይ ኸርስት የንጉሥ ቤት ቀልደኛ ልብስ ለብሶ ጋዜጦቹን ወደ ሕዝቡ ይበትናል። ጋዜጦቹ ላይ «የተጣመመ ዜና»፣ «መርዝ»፣ «ጠብ» የሚል ተጽፏል። ሕዝቡ ይሻማል። ከሕዝቡ አንዱ መድረክ ላይ ንግግር የሚያደርግ ሰው ሊገድል ተነሥቷል።

ያ ግድያ እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። በ1909 ኸርስትን ያሸነፈው ከንቲባ ዊሊያም ጌይነር በነሐሴ 1910 በጥይት ተመትቶ ነበር። የመታው ከከተማው ሥራ የተባረረ ሰው ነው። ጌይነር ከሞት ተርፎ የኸርስትን ጋዜጦች ወቀሰ። ግላከንስ ሥዕሉን ያወጣው ነገሩ ገና ሳይበርድ ነው።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። «ይሄ አዝማሪ ነው?»

«እንደዚያ በሉት።»

«እነዚህስ ምንድን ነው የሚያፈሱት?» ጣታቸውን ያሳረፉት በግራ በኩል ነው። እዚያ ሰዎች በከረጢት ገንዘብ እያመጡ የኸርስት ማተሚያ መኪና ውስጥ ይገለብጣሉ።

«ገንዘብ ነው እማማ። አንዱ ማስታወቂያ የሚያወጣ ነው። ሌላው ለልጆቹ የቀልድ ሥዕሉን ብሎ ጋዜጣውን የሚገዛ አባት ነው።»

«ታዲያ አዝማሪው ምን አጠፋ ልጄ? የሸለሙት እነሱ!»

አሉና ቶናውን ሊቀዱ ዞሩ። ስለዚህ ሥዕል ሲወራ የሚበዛው ስለ ቀልደኛው ነው። ለእኔ ጉልበቱ እነዚያ ባለከረጢቶች ላይ ነው። ኸርስትን ማውገዝ ለማንም አይከብድም ነበር። ለልጁ ቀልድ የሚገዛውን ጨዋ አባት መንካት ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ የፐክ አንባቢም ያው እሱ ነውና።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስንሄድ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ለማየት ትንሽ ዞር አልን። አብሮን የነበረው የታሪክ መምህር የሥዕሉን ቀን ሰምቶ «1906 በማን አቆጣጠር?» ብሎ አፋጠጠኝ። ልክ ነው። በእኛ 1906 ራስ ሚካኤል የንጉሥነት ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። ኸርስት ጭቃ ውስጥ የተሣለው በእኛ 1899 ነው፤ ያኔ ሚካኤል ገና ራስ ናቸው፣ ወሎን ከደሴ ሆነው ይገዛሉ። «በሉ እንግዲህ፤ ያኛው ዘውድ ሲያምረው ቀረ፣ የኛው ጫኑ» አለ መምህሩ። የሰገሌውን ጦርነት አላነሳሁበትም።

ክበቡ ውስጥ የጀመርኩት በሊዮን ባሪት ሥዕል ነው። በሰኔ 1898 ኸርስትና ተፎካካሪው ጆሴፍ ፑሊትዘር ረጅም ቢጫ ቀሚስ ለብሰው፣ «ጦርነት» የሚለውን ቃል የሚሠሩ ትልልቅ ፊደላትን ከሁለት በኩል እየገፉ ሲጣሉ ያሳያል። አሜሪካ ከስፔን ጋር የተዋጋችበት ጊዜ ነው። ሥዕሉ በዓለም የታወቀ ነው። ልጆቹ ግን «ለምን የሴት ቀሚስ ለበሱ?» አሉ። ቀሚሱ በሁለቱም ጋዜጦች ላይ ይወጣ የነበረ የአንድ የካርቱን ልጅ ልብስ እንደሆነ አስረዳሁ። ማብራሪያ የሚፈልግ ቀልድ አለቀለት። ቶሎ ጠቀለልኩት።

የሚቀጥለው ነፍስ ዘራባቸው። ኸርስት የሚሣለቁበት ሰው ብቻ አልነበረም፤ እሱም ከፍሎ በሌሎች ላይ ያሠራ ነበር። ሆመር ዴቨንፖርት የሚባለው ቅጥረኛው በ1896 የፕሬዚዳንት እጩውን የማኪንሊን የምርጫ ዘመቻ የመራውን ባለጸጋ ማርክ ሃናን ሱፉ በዶላር ምልክት ተዥጎርጉሮ ሣለው። «ባንክ ነው የሚሠራው?» አለች አንዷ። አዎ፣ ሊባል የተፈለገውም እሱ ነው። በ1905 ደግሞ የኸርስት ጋዜጣ የታማኒ ሆልን አለቃ ቻርልስ መርፊን የእስረኛ ልብስ አልብሶ አወጣው። ታማኒ ሆል የኒውዮርክን ዲሞክራቶች እንደፈለገ የሚያሽከረክር ድርጅት ነበር። ኸርስት ያንን ምርጫ በ3,500 ገደማ ድምፅ ብቻ ተሸንፎ «ተሰረቅሁ!» ብሎ ጮኸ። ዓመት ሳይቆይ፣ በ1906፣ የዚያው የመርፊን ድጋፍ ይዞ ለገዥነት ቀረበ።

ክፍሉ «ወይኔ!» አለ። የኋላ ወንበር ያለ አንድ ልጅ የእኛን አገር ምሳሌ ሊያነሳ ሲል የሥዕል መምህሩ ጓደኛዬ በዓይኑ አስቀመጠው።

«ታዲያ ያሸነፈው ካርቱኑ ነው?» ብላ የባንኳ ልጅ ጠየቀችኝ። አይመስለኝም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሱ በምርጫው ዋዜማ ሚኒስትሩን ኤሊሁ ሩትን ልኮ ኸርስትን አብጠልጥሎታል። ገንዘቡም፣ ፓርቲውም፣ የራሱ ጠባይም አለ። ግን ከመርፊ ጋር ባይሻረክ ኖሮ የሮጀርስ ጭቃ አይጣበቅበትም ነበር። ጭቃውን ያቦካው ራሱ ነው።

«ካርቱኒስቶቹስ አልታሰሩም?» አለ ሌላው። ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር። በፔንሲልቬንያ ገዥው ፔኒፓከር በቀቀን ተደርጎ ሲሣል ተናደደ። በ1903 ፖለቲከኛን በእንስሳ፣ በወፍ፣ በዓሣ ወይም በነፍሳት መልክ መሣል የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ዋልት ማክዱጋል የተባለ ካርቱኒስት ረቂቁን በደንብ አነበበው። አትክልት አልተከለከለም! ባለሥልጣናቱን ድንች፣ ዛፍና የቢራ ብርጭቆ አድርጎ ሣላቸው። ረቂቁ እንዲያ እንዳለ አልጸደቀም፤ በእሱ ፈንታ የወጣው የጋዜጣ ሕግም በ1907 ተሻረ።

ከዚህ በኋላ የኔን ንግግር የሰማ የለም። እርሳስ ተያዘ። ቃሪያ ኮት ለበሰ፤ ሽንኩርት ማይክ ጨበጠ፤ አንድ ዱባ በሞባይል ራሱን ቪዲዮ እየቀረጸ «ምረጡኝ» ይላል። ያ ዝም የተባለው ልጅ ደግሞ ጎመን ሣለ፤ ወፍራም መነጽር አደረገበትና ከሥሩ «ጎመን በጤና» ብሎ ጻፈ። መነጽሩ የሆነ ሰው መነጽር ይመስላል።

«ይሄ ማነው?» አለ መምህሩ ጎንበስ ብሎ።

«ጎመን ነው ቲቸር።»

መምህሩ ወረቀቱን አንሥቶ ብዙ አየው። ሰሌዳው ላይ ለጠፈው፤ ከዱባው በስተጀርባ፣ ግማሹ እንዲሸፈን አድርጎ።