ኀዘኔ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነበር

ለእመቤቴ ስለት ነበረብኝ። «ከዚህ ጨለማ ካወጣሽኝ ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። አውጥታኛለችና ስለቴን ላስገባ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጅማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ በአርባዎቹ ውስጥ ነው። ነገሩ የጀመረው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ሰው ሁሉ «ኀዘን ነው፣ ቀስ እያለ ይወጣልሻል» ይለኝ ነበር። ሙት ዓመቷ ወጣ፤ የእኔ ግን ባሰበት። ሌሊት በስምንት ሰዓት እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ጣራ ማየት ነው። እህል አይወርድልኝም። የጅማ ልጅ ሆኜ የቡና ሽታ አስጠላኝ። ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፤ ስወጣ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ወገቤን ያመኛል፣ ዳሌዬን ያመኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ጸሎት እምቢ ማለቱ ነው። የጸሎት መጽሐፌን ከፍቼ ፊደሉን ሳይ እቆይና እዘጋዋለሁ።

ሰው ብዙ አለ። ቡዳ ነው ያለ አለ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለ አለ። «እምነትሽ ቢጎድል ነው» ያለኝም አለ። ይሄኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የታመመን ሰው በእምነቱ መክሰስ ቁስል ላይ መቆም ነው።

ፍልሰታ ገባ። የጅማን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አያባራም፣ አዌቱ ወንዝ ይሞላል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ «ፈውሺኝ» ለማለት እንኳን አቅም አጣሁ። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እመቤቴ፣ የሚያየኝ ሰው ላኪልኝ።»

ጾሙ ከተፈታ ብዙም ሳይቆይ ፈረንጅ አራዳ ከባጃጅ ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝ። በእጄ ልደገፍ ስል አንጓዬ ተሰበረ። አወዳደቄ ቀላል ነበር፤ ያዩኝ ሰዎች ሳቅ እያሉ ነው ያነሡኝ። ወጌሻ ጋ ሊወስዱኝ ሲሉ ሆስፒታል ይሻለኛል አልኩ። ያከመኝ ወጣት ሐኪም ጀሶውን አድርጎ ሲጨርስ አላሰናበተኝም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ በእርስዎ ዕድሜ በእንዲህ ያለ አወዳደቅ አጥንት መሰበር አልነበረበትም» አለኝ። ቀጥሎ «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ሲለኝ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልመናዬ የተሰማው ያኔ ነው። እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

ከዚያ ደም ተመረመርኩ። አዲስ አበባ ሄጄ የአጥንት ጥግግት ምርመራ አደረግሁ፤ አጥንቴ ለዕድሜዬ ከሚጠበቀው በላይ ሳስቷል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ተላክሁ፤ ሕመሙ ድባቴ ነው ተባልኩ። ስም ያለው፣ የሚታከም በሽታ መሆኑን መስማት ራሱ አሳረፈኝ።

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ አያስችለኝምና ትንሽ ላብራራ። አጥንት በድን ነገር አይደለም። አሮጌውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉት፤ አዲሱን የሚሠሩ ሴሎችም አሉት። በአዋቂ ሰው ላይ በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው አጥንት ይታደሳል። ድባቴ ሲበረታ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ሊበዛ ይችላል፤ ኮርቲሶል ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ሠሪዎቹ ሴሎች ይዳከማሉ። ነርቮችም አሉበት። በፈረንጆቹ 2006 የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ድባቴ መሰል ሁኔታ በነርቭ በኩል እስከ አጥንት ድረስ ይወርዳል። ያንን የነርቭ መልእክት በመድኃኒት ሲያግዱት አጥንቱ ከመሳሳት ዳነ። ከዚያ ቀደም በ1996 አሜሪካ ውስጥ ድባቴ ያለባቸው ወይም የነበረባቸው 24 ሴቶች ከጤነኞች ጋር ተነጻጽረው ነበር። የጭን አጥንታቸው አንገት (ከዳሌ መገጣጠሚያ በታች ያለው ቀጭኑ ክፍል) ጥግግት በአማካይ 13.6 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ድባቴ የያዘው ሰው ሁሉ አጥንቱ ይሳሳል ማለት አይደለም። ግን የማይበላ፣ ከቤት የማይወጣ፣ ፀሐይ የማያገኝ ሰው ሲሆን ነገሩ ይደራረባል። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ይህን ሳነብ ሌላ ነገር ገባኝ። ዴካርት የሚባለው ፈላስፋ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሳቢዋን ነፍስ ከሥጋ ለይቶ ሥጋን እንደ ማሽን አየው። ብዙዎቻችን ስሙን ሳንሰማ በእሱ መንገድ እናስባለን። ኀዘን ለነፍስ፣ ስብራት ለሥጋ፤ ለአንዱ ጸበል፣ ለሌላው ጀሶ። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላስተማሩንም። ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት የሆኑት አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ጋር ተዋሕደው ነው አንድ ሰው የሚሆነው ብለው ነው ያስተማሩን። መጽሐፈ ምሳሌም 17፥22 ላይ ያዘነ መንፈስ አጥንትን እንደሚያደርቅ ይናገራል። ቅዱስ መጽሐፍን የላብራቶሪ ወረቀት ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን ያንን ቃል የጻፈ ሰው የእኔን ዓይነት ሌሊት ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

የታዘዘልኝን ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ። ሐኪሙን ማን ፈጠረው?» አሉኝ። ሐኪሙም አልደበቀኝም። በዚህ ወገን ያሉ መድኃኒቶች ራሳቸው ከአጥንት ስብራት ጋር ተያይዘው እንደተገኙ ነገረኝ። ድባቴውን ሳይታከሙ መተው ግን ለእኔ የባሰ ነው ብሎ አመዛዘነልኝ። ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ተጨመረልኝ፤ በየቀኑ እንድራመድም ታዘዝኩ።

መራመዱን ያስቻለችኝ ጎረቤቴ አዴ ናት። እሷ ሙስሊም ናት፤ ለእኔ ግን ከእናቴ ቀጥላ ያለች እናት ናት። ጠዋት በሩን ትደበድባለች። «ተነሺ ልጄ፣ ረቢ አለ» ትለኛለች፤ ፈጣሪ አለ ማለቷ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ይዘን እንወጣለን። መጀመሪያ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ እቀመጥ ነበር። እሷም ምንም ሳትናገር አጠገቤ ትቀመጣለች። ስንመለስ ወተት ካልጠጣሽ አልሄድም ትላለች። በእሷ ዱዓና በእኔ ጸሎት መካከል ጠብ ኖሮ አያውቅም።

ፈውሱ እንደ መብረቅ አልመጣም። መጀመሪያ የተመለሰው እንቅልፍ ነው። ቀጥሎ ምግብ። ከዚያ አንድ እሑድ ኪዳን ሲደርስ ቆሜ ሳለሁ፣ ሳላስበው ከካህናቱ ጋር እየተቀበልኩ ራሴን አገኘሁት። ያ ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለኝ ጸሎት በአፌ ሞልቶ ፈሰሰ። አለቀስኩ፤ ለቅሶው ግን የድሮው አልነበረም። በቅርቡ ደግሞ የአጥንቱ ምርመራ ተደገመ፤ መሳሳቱ ቆሟል። መድኃኒቴን አሁንም እወስዳለሁ። መቼ እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሜ ነው።

ጅማ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሌሊት የምታሳልፉ ካላችሁ የክርስትና ስማችሁን ንገሩኝ፤ በጸሎቴ አስባችኋለሁ። ሐኪም ዘንድ ለብቻችሁ መግባት ከከበዳችሁም አብሬያችሁ ሄጄ ወረፋውን እጠብቃለሁ።