ጥሪውን ማን ያድርሰው?

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ታላቅ ልጅ እኔ ስለሆንሁ፣ የእኅቴ ሠርግ ሲቆረጥ የጥሪው ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ዳሱን የእድሩ ሰዎች፣ ድግሱን እናቴና አክስቶቼ፣ መኪናውን ሚዜዎቹ ተከፋፍለው ሲይዙት፣ ለእኔ የደረሰኝ ወረቀት ማሳተም ብቻ መስሏቸው «አንተስ ቀለለህ» ያሉኝ ነበሩ። ሥራውን ስፈጽመው ግን በእኛ በሰሜን ሸዋ ሰዎች ዘንድ የሠርግ ጥሪ ክብደቱ በወረቀቱ ማማር ሳይሆን በአድራሹ ማንነትና በአደራረሱ ላይ እንዳለ አየሁ። ከእኔ በታች ገና ያላገቡ ሁለት ወንድሞች ስላሉኝ፣ ነገሩ ሳይደበዝዝ በማስታወሻዬ ላስፍረው።

ወረቀቱ ከመታሰቡ በፊት ቀኑ መቆረጥ አለበት፤ ቀኑ ደግሞ በሙሽሮቹ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ዋለ፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9 ገባ። በዚህ መካከል የተገኙት እሑዶች ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1 እና የካቲት 8 ብቻ ሲሆኑ፣ ጥር 24ን የመረጠ ሰው በማግስቱ ነነዌ፣ የካቲት 8ን የመረጠም በማግስቱ ዐቢይ ጾም ስለሚይዘው፣ ለመልሱ ሥጋ የሚበላበት ቀን ያጥረዋል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ በቀሩት ሁለት እሑዶች ላይ ይረባረባል፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ለሦስትና ለአራት ሠርግ ይጠራና፣ ቀድሞ ለጠራው ያደላል። እኛ የካቲት 1ን ይዘን፣ ረቡዕ ጾም ስለሆነ መልሱን ማክሰኞ አደረግነው። ካርዱ እስኪታተም ሳንጠብቅም ለቅርብ ዘመዶች «ይህን ቀን ያዙልን» ብለን በአፍ አስነገርን፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የደረሳቸው ሰዎች ቀኑን አስቀድመው ያወቁ በመሆናቸው ከሌላ ጥሪ ጋር የተጋጨባቸው ጥቂቶች ነበሩ።

ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ስላሉን ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሳተምን፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ በመሆኑ ጥር 11 ከጃንዋሪ 19 ጋር ይገጥማል፤ በ2020 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ዘመነ ዮሐንስ ስለሚገባ ጥምቀት በጃንዋሪ 20 ይውላል። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት የሚያገባ ከሆነ፣ የእኅቱን ካርድ አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ በመቀየር ቀኑን እንዳይገለብጥ ከወዲሁ እነግረዋለሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከቀኑ 6፡00 ሰዓት» ብለን ስንጽፍ እዚህ ላለ ሰው እኩለ ቀን መሆኑ ግልጽ ቢሆንም፣ በሰው አገር ያደገ የአጎት ልጅ የምሽት ጥሪ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ለእነርሱ በተላከው ላይ «እኩለ ቀን» የሚል አስጨመርሁ። ቅዳሴው በማለዳ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የምሳው ሰዓት በተለያየ መስመር መጻፉም የሚበጅ ነው። አለዚያ ለምሳ የተጠራው በሌሊት ሲነሣ፣ ለቅዳሴ የታሰበው በምሳ ሰዓት ይመጣል።

በጥሪው ቃል ላይ ከሙሽሮቹ ጋር ጥቂት ተከራክረናል። እነርሱ እንደ ጊዜው ልማድ በራሳቸው ስም መጥራት ፈልገው ነበር፤ እናቴ ግን «ልጅ የሚድረው ወላጅ ነው፤ የሚጠራውም ወላጅ ነው» ብላ አልተበገረችም። እኔም ከእርሷ ጋር ነበርሁ፤ ምክንያቱም ከመንዝ የሚመጣው ዘመድ እኅቴን በራሷ ስም አያውቃትም፤ የሚያውቃት በአባቷ ነው። የአባታችን ነገር ሲነሣ ደግሞ፣ በደስታ ወረቀት ላይ የሞተ ሰው ስም አይሰፍርም ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። በመጨረሻ ጠሪዎቹ እናታችንና የአባታችን ታላቅ ወንድም ሆነው፣ በሙሽራዋ ስም መስመር ላይ «የነፍስ ኄር አቶ እገሌ ልጅ» የሚለው ተጻፈ፤ ይህን ያነበቡ ሽማግሌዎች ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር ያየሁት ስለሆነ፣ ክርክሩ ከንቱ አልነበረም እላለሁ።

ማተሚያ ቤቶች የሚያቀርቧቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ «በሥርዓተ ተክሊል» የሚል ቃል አስቀድሞ የተጻፈባቸው ናቸው። ተክሊል በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በድንግልና ለሚጋቡ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ቃሉ ለጌጥ የሚጻፍ አይደለም፤ ሙሽሮቹ ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋግረው የሚፈጸምላቸው ሥርዓት ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ያንኑ ማስጻፍ ይገባል። ጥቅሱን ከማቴዎስ ወንጌል 19፥6 «እግዚአብሔር ያጣመረውን እንግዲህ ሰው አይለየው» የሚለውን መርጠን፣ ቅዱሳት ሥዕላትን ግን በካርዱም በፖስታውም ላይ አላኖርንም። የሠርግ ወረቀት ከሠርጉ በኋላ የት እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለንና፣ የሥላሴን ሥዕል ሰው በሚረግጠው ነገር ላይ ማተም ለእኔ አይዋጥልኝም።

ናሙናው ሲመጣ ሙሽሮቹን የማያውቅ አንድ ጎረቤት እንዲያነበው ሰጠሁት። እኛማ ልባችን የሚያውቀውን እንጂ ዓይናችን የሚያየውን አናነብም፤ እርሱ ግን የሙሽራው አያት ስም አንድ ፊደል እንደ ጎደለው ወዲያው አየ።

ፖስታው ላይ የሚጻፈው ስም ከውስጡ ጽሑፍ ይልቅ ሰው የሚቀየምበት ነው። ሻለቃውን «አቶ» ብሎ መጻፍ፣ ቄሱን በዓለማዊ ስማቸው መጥራት፣ ማዕርጉን ያገኘውን መምህር ያለ ማዕርጉ ማለፍ የማይረሳ ቅሬታ ያተርፋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ባሏ የሞተባትን ሴት በሟች ባሏ ስም መጥራት ነው፤ አሮጌ የስም ዝርዝር ገልብጠው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ቤት በቤት አነበብነው፤ ማን እንዳረፈ፣ ማን ቤት እንደ ቀየረ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ከነቤተሰብዎ» እና «ከባለቤትዎ ጋር» የሚሉትንም ለይተን ጻፍን። ከተማ ላለው ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ ለገጠሩ ግን ከነቤተሰቡ መጥራት ብቻ ነው የሚያምረው፤ ድግሱም ላልተጠራው ጭምር ታስቦ መደገስ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ወደ መዘዞና ወደ ሞላሌ በሚወስደው መንገድ ያሉትን ዘመዶቻችንን ለመጥራት ራሴ ሄድሁ። የመንገዱ ነገር እርግጠኛ በማይሆንበት በዚህ ጊዜ ወረቀቱን በሾፌር እጅ መላክ ይቀል ነበር፤ እንዲያ ያደረጉም አሉ። የአባቴ እኅት ፖስታውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ሳትከፍተው ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «አንተ ልጅ፣ የጠራኸኝ አንተ ነህ ወይስ ይኼ ወረቀት?» አለችኝ። «እኔ ነኝ እትዬ፤ እማማ ናት የላከችኝ» አልኋት። ከዚያ በኋላ ቀኑን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሙሽራውን ወገን፣ ከመንደሩ ሌላ ማን እንደ ተጠራ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ነበር። ጠላዋን ቀምሼ፣ ቡናዋን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ስነሣ፣ ጥሪው ያን ጊዜ ተፈጸመ።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቃል። የነፍስ አባታችን፣ የሙሽራዋ ክርስትና እናት፣ የአባታችን ወንድሞችና እኅቶች ከማንም በፊት ይጠራሉ፤ ታላቁን አልፎ ታናሹን መጥራት፣ ወይም በአንድ መንደር ሲያልፉ የአንዱን ደጅ ዘሎ የጎረቤቱን መርገጥ ለዓመታት ይነገራል። «ካርዱን ወርውረውልኝ ሄዱ» የሚለውን ወቀሳ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ስለዚህ አድራሽ አድርጌ የላክኋቸውን ወጣቶች ሳይቀመጡና ሳይቀምሱ እንዳይወጡ አስጠንቅቄአቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት በቀን የሚዳረሰው ቤት ጥቂት ይሆናል፤ ጊዜውም አስቀድሞ ይህን ታስቦ መመደብ አለበት።

ሐዘን ያለበት ቤት ለብቻው የሚታይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ፖስታ ይዞ እየሣቁ አይገባም፤ ገብቶ ተቀምጦ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ፣ ወሬው ከረገበ በኋላ «አልነገሩንም እንዳትሉን ነው እንጂ እንዳይከብዳችሁ» እያሉ በዝግታ መንገር ይሻላል። ፖስታውንም ለሐዘንተኛዋ ሳይሆን ለቤቱ ወጣት መስጠት ይቻላል። የእድሩን አባላት በተመለከተ የእድሩ ዳኛ በስብሰባ ቀን ለሁሉም ካሳወቁልን በኋላ ለየቤቱ ካርድ አደልን። ድንኳኑም ድስቱም ወንበሩም የእነርሱ ነውና በስብሰባ ማስታወቂያ ብቻ ማለፍ ነውር መሰለኝ።

ለእኅቴ ጓደኞችና ለውጭ አገር ዘመዶች ካርዱ በቴሌግራም ተላከ። ይህን አልነቅፍም፤ ብር ያድናል፣ መንገድም ያሳጥራል። ሆኖም በጋራ ቡድን ላይ ለቆ መተው ለማንም እንዳልተላከ ይቆጠራልና፣ ለየአንዳንዱ ስሙ ተጽፎ፣ ከሥሩም የድምፅ መልእክት ቢከተለው ይበጃል።

ስለ ወረቀቱ መልክ ብዙ የምለው የለኝም። ጥቁር ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም የሚጻፈው አሁን የተወደደ ነው፤ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ዓይኑ ለደከመ ሰው ግን አይነበብም። እኛ ነጣ ያለ ወፍራም ወረቀትና ጎላ ያለ ፊደል መረጥን። አንድ ጌጥ ብቻ ከእኅቴ ሐሳብ ወጣ፦ ካርዱን በሐር ጥብጣብ ፈንታ በመንዝ በግ ጥቁር ጸጉር ፈትል አሰረችው፤ ባና የሚሠራበትን ዓይነት፣ በእንዝርት የተፈተለ። ይህ ፈትል የገጠሮቹን ሴቶች ዓይን ከጽሑፉ በፊት ያዘ፤ «ይህን ማን ፈተለው?» እያሉ ጠየቁኝ፤ አንዷማ አጥብቃ ሳበችና ጥንካሬውን ፈትና መለሰችልኝ።

ሌላው ተጨማሪ የእኔ ነው። የሙሽራው ወገኖች የሸዋ ሮቢት ሰዎች ናቸው፤ ከተማቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ያለች ቆላ ስትሆን፣ ደብረ ብርሃን ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ውርጯ የታወቀ ከተማ ናት። በካርዱ ግርጌ «ማምሻውን ስለሚበርድ ጋቢዎን ይያዙ» የሚል መስመር አስጻፍሁ። መጀመሪያ ሣቁብኝ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ጋቢ የያዘውና ያልያዘው ለየ። ለሽማግሌዎች የሚሆን ጥቂት ትርፍ ብርድ ልብስ ዳሱ ጥግ ማስቀመጥም አይከፋም።

ዳሱ ውስጥ በየጠረጴዛው የስም ወረቀት ማስቀመጥን ሞክረው የተዉት ብዙ ናቸው፤ እኛም አልሞከርነውም። የካህናቱን መቀመጫ፣ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ቦታ፣ ከድምፅ ማጉያው የራቀውን የአረጋውያን ጥግ ብቻ ለይተን፣ ሰው የሚያውቁ ሁለት አስተናጋጆች በር ላይ አቆምን። ቄጠማውና ዕጣኑ የእናቴ ሥራ ስለነበረ እኔን አልጠበቀም።

ከጽሕፈት ዕቃው ሁሉ እኔ አብልጬ የምይዘው የመዝገብ ደብተሩን ነው። ማን መጣ፣ ማን ምን አበረከተ፣ ማን ሳይመጣ ላከ የሚለው በአንድ የታመነ ሰው እጅ፣ በሚነበብ ጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ ያ ሰው ነገ ልጁን ሲድር እኛም በዚያው ልክ እንድንገኝለት ነው። ለዚህ ሥራ ድምፁ ዝግ ያለና አረቄ የማይቀምስ ሰው ይመረጥ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይበቃዋል፤ በበነገታውም ገጾቹን በስልክ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል።

የምስጋና ካርድ ለአዲስ አበባና ለውጭ አገር ሰዎች ብቻ አሳተምን። ለመንዞቹ ወረቀት መላክ ጥሪውን በሾፌር እጅ እንደ መላክ ነው። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ስለሚውል፣ ዳግም ትንሣኤ ሳያልፍ ሙሽሮቹን ይዘን ለመሄድ ከእናቴ ጋር ተነጋግረናል። የምንገባባቸውን ቤቶች ከመዝገቡ ላይ እየለየሁ ነው፤ መምጣት ያልቻሉት፣ ግን ማር ወይም ጠቦት የላኩት፣ በቅድሚያ ይጎበኛሉ።